ሰካራሙን በረት ማቃናት

እኔ አናጢ ነኝ። ሴት አናጢ ሲያይ ዓይኑን የሚያፈጥ ሰው ሞልቷል፤ ያፍጥ፣ እኔን ምንም አይቀንሰኝም። ሐሜተኛም እችላለሁ፣ ቀጠሮ አፍራሽም እችላለሁ። የማልችለው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ እኔ ዞር ስል የጀመርኩት ሥራ ላይ እጁን የሚያስገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ካገኘሁት አያድርስ ነው።

ነገሩ የአባቴ በረት ነው። አባቴም አናጢ ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝም እሱ ነው። በረቱን በሃያ አራት ዓመቱ በገዛ እጁ ሠራው፤ ታች ላሞች ያድሩበታል፣ ላይ ድርቆሽ ይከመርበታል። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ክፉ አውሎ ነፋስ ገፋውና ወደ ምሥራቅ ዘመመ። አልወደቀም፤ ቆመ ለማለትም ያስቸግራል። መንገደኛው ሁሉ "ሰካራሙ" ብሎ ስም አወጣለት። ለእንግዳ መንገድ ሲነገር እንኳ "ሰካራሙን አለፍ ስትል ወደ ቀኝ ታጠፍ" ይባላል። የሰው ቤት ሲያቆም ለኖረ አናጢ ይህ ስድብ ነው። አባቴ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያንን ስድብ ፊት ለፊት ሲያየው ኖረ። የሰው ሥራ መቼ ፋታ ሰጥቶት የራሱን ያቃና!

ባለፈው ዓመት ዓይኑ መዳከም ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አየውና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ "የዓይኑ ነርቭ እየሞተ ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ከስድስት ወር አያልፍ ይሆናል" አለኝ። ለአባቴ በምን አፌ እንደምነግረው እያሰብኩ ስመለስ ከወንበሩ ሳይነሳ፣

"ሰምቻለሁ። የታመመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው" አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ደረስን። ከዚያ፣ "ሰካራሙን አቃኚልኝ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳላየው ዓይኔ እንዳይጠፋ" አለ። አባቴ ከእኔ አንድ ነገር ለምኖ አያውቅም። ያዛል እንጂ አይለምንም። ያን ቀን ለመነኝ።

ሥራዬን ሁሉ ትቼ ገባሁበት። በመጀመሪያ ከታች የበሰበሰውን እንጨት ቆርጬ አዲስ አስገባሁ። ከዚያ ከበረቱ አናት ላይ ወፍራም ካቦ፣ ማለትም የብረት ገመድ፣ አሰርኩና በምዕራብ በኩል ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር በመወጠሪያ አያያዝኩት። መወጠሪያው እጀታ አለው፤ ሲዞር ቀጭ ቀጭ እያለ ካቦውን ይስባል። ደንቡ በቀን ሩብ ዙር ነው። ሩብ! እንጨቱ ሌሊቱን ይለምደዋል፤ በማግስቱ ሌላ ሩብ። ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። "ብዙ ዓመት የዘመመ እንጨት መዝመሙን ቤቴ ብሎታል፤ በድንገት ከጎተትሽው ይሰበራል እንጂ አይቃናም" ይል ነበር። አሰላሁት፤ በአራት ወር ያልቃል። ሐኪሙ ስድስት ብሏል፤ ትርፍ አለን ብዬ ደስ አለኝ።

መወጠሪያውን ያዋሰኝ የእህቴ ባል ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መወጠሪያው ጭነት የሚያስርበት ዕቃ ነው። እሱና ታናሽ እህቴ ከአባቴ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እኔ ከተማ ውስጥ ነኝ፣ ጠዋት በአውቶቡስ መጥቼ ማታ እመለሳለሁ። ሰውዬውን ሁሉም "አምስተኛ ማርሽ" ይለዋል። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲያወራ ይቸኩላል፣ ሲያንኮራፋ ራሱ ይቸኩላል ትላለች እህቴ።

"እትዬ፣ በቀን ሩብ ዙር?" አለኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት። "ላሟ ጀርባዋን ስታክክበት ከዚህ የበለጠ ትገፋዋለች። መኪናዬን ላምጣና አንዴ ሳብ ላድርግልሽ!"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እሱ በእግሩ እስኪሄድ እኛ በምርኩዝ እንሄዳለን።"

እህቴ ሳቀች። አባቴም ሳቀ፤ አሁን ሳስበው ግን ሳቁ አጭር ነበር።

ማታ ከመሄዴ በፊት ካቦው መወጠሪያው ውስጥ ከሚገባበት አጠገብ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስመጣ ምልክቱ የለም። ጎንበስ ብዬ ባየው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህ ሩብ ዙር አይደለም፣ አንድ ሙሉ ዙር ከነምራቂው ነው። ደሜ ፈላ! ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አምስተኛ ማርሽ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ሲፈትሽ አገኘሁት።

"አንተ! ያባቴን በረት ልትጥለው ነው?"

"ምን አደረግኩ እትዬ?"

"እጅህን አሳየኝ! ማነው መወጠሪያውን ያዞረው፣ ጅብ ነው?"

አፉን ከፈተ። ወደ በረንዳው አየ፤ አባቴ እዚያ ተቀምጧል። አፉን መልሶ ዘጋና፣ "እሺ እትዬ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም" አለ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እንዲህ ቶሎ ያመነ ጥፋተኛ በሕይወቴ አላየሁም፤ ያን ጊዜ ግን ድፍረቱ ብቻ ነው የታየኝ።

በሳምንቱ ምልክቱ እንደገና ገባ። ይሄኔ ቁርስ ላይ እያሉ ገባሁባቸውና ያልወጣኝ ቃል የለም። ቤት አፍራሽ አልኩት። የሰው ልፋት የማይገባው፣ መሪ እንጂ ጭንቅላት ያልተሰጠው አልኩት። ያ ምላሰኛ ሰውዬ ዳቦውን እየቆራረሰ ስድቡን ተቀበለ። እህቴ ብድግ አለችና፣

"ባሌን በገዛ ቤቱ እንዲህ አትናገሪውም! እንዲህ ከሆነ ቁልፍ ገዝተሽ ቆልፊበት!" አለችኝ።

"አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አልኩ።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። ይኸው፣ አባቴም ከእኔ ጋር ነው ብዬ ልቤ አበጠ።

ቁልፍ መግዛት ነበረብኝ። እህቴ እውነቷን ነበር፤ አንድ ሰንሰለትና አንድ ቁልፍ ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ግን ቁልፍ ይከለክላል እንጂ አያሳፍርም፤ እኔ የፈለግኩት ሰውዬውን ማሳፈር ነው። እጁን ከእጀታው ጋር ይዤ፣ ቤተሰቡን ጠርቼ፣ "ይኸው!" ማለት ነው የፈለግኩት። ለዚህ ስል ክፍት ተውኩት፤ የእልኸኛ ነገር!

ከአራት ቀን በኋላ የመሐሉ ምሰሶ ተሰነጠቀ። ከአግዳሚው ጋር ከሚገናኝበት ጀምሮ ወደ ታች፣ ክንድ የሚያህል፣ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ። አባቴ ወጣት ሆኖ ከጫካ መርጦ ያመጣው፣ ያ ሁሉ ዘመን ዘሞም ያልተሰበረ እንጨት! ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ፤ ሰማዩ ገና መቅላቱ ነበር። በረቱ ውስጥ ከላሞቹ ጀርባ ገብቼ በሳንቃው ቀዳዳ መወጠሪያውን እያየሁ ተቀመጥኩ። የምለውን ሁሉ በሆዴ አዘጋጅቻለሁ። ላሟ ጆሮዬን ብትልሰኝም ንቅንቅ አላልኩም።

የቤቱ በር ተከፈተ። የወጣው አባቴ ነው።

ሽንት ቤት ሊሄድ ይሆናል አልኩ። አልሄደም። እጁን በአጥሩ ሽቦ ላይ እያስኬደ፣ እግሩን እየጎተተ ቀጥታ ወደ ግንቡ መጣ። ሽቦው ሲያልቅ ቆመ፤ ከዚያ አፉ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እርምጃ እየቆጠረ ነው። መወጠሪያው ጋ ሲደርስ በመዳፉ ዳሰሰና እጀታውን ያዘ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ከበላዬ ምሰሶው አቃሰተ።

"አባዬ!" ብዬ ወጣሁ። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ለእሱ አልነበረም፤ ንዴቱ ግን አልቀረም። "አንተ ነህ? አንተ! በቀን ሩብ ዙር ብለህ ያስተማርከኝ አንተ! ምሰሶውን ሰነጠቅከው እኮ! ይህን የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፍቶ እያየኸው ደግሞ ታዞራለህ?"

"የትኛው ምሰሶ?" አለ።

ምሰሶው ከፊቱ ነው። በዚያ በኩል ያለውን ሳንቃ ለሥራ ስላነሳሁት ከቆመበት አምስት እርምጃ አይሆንም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወጥታ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ክፍተት ገብታ በትክክል ስንጥቁ ላይ አርፋለች።

"አባዬ፣ እኔ እታይሃለሁ?"

እጀታውን ለቀቀና እጁን በሱሪው ጠረገ።

"በረቱ ከሰማዩ ተለይቶ ይታየኝ ነበር" አለ። "ጥቁር ሆኖ፣ ጋደም ብሎ። በየቀኑ ይደበዝዛል። እኔ ደግሞ ትንሽ ላዙረውና ቀጥ ሲል ልየው እላለሁ። እስከ ትናንት በስቲያ ነበር። አሁን ሰማዩም የለም።"

"ለምን አልነገርከኝም? ለምን?"

"ብነግርሽ ትቸኩያለሽ። ከቸኮልሽ ትሰብሪዋለሽ። የአባቷን በረት ሰበረች ተብሎ ማን ሥራ ይሰጥሻል? የራሴ በረት ነው፣ እኔ ልስበረው አልኩ።"

"ሰውዬውንስ በነጋ በጠባ ስሰድበው ዝም ብለህ ሰማኸኝ!"

"እሱ ሹፌር ነው። በረት ቢሰብር ምን ይሆናል?"

ከኋላችን ሳል ተሰማ። አምስተኛ ማርሽ በረንዳው ጥግ ላይ በካልሲ ቆሟል፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። አባቴ እንዳይወድቅ በየጠዋቱ ኮቴውን አጥፍቶ ሲከተለው ከርሟል።

"አስምሎኝ ነው እትዬ" አለ። "አንድ ቀን ልከለክለው ብዬ፣ 'እኔ መሪህን ይዤብህ አውቃለሁ?' አለኝ። ምን ልበለው?"

"አንተ ጅል" አልኩት። "አንተ ጅል፣ ይቅር በለኝ።"

ስለዚያ ጠዋት ንዴቴን የት እንደማደርሰው እስካሁን አላውቅም። በሐኪሙ እናደዳለሁ፤ "ይሆናል" ያለውን እኔ እንደ ውል ፊርማ ይዤው ነበር። በደንቡ እናደዳለሁ። ከሁሉ በላይ በራሴ እናደዳለሁ። በየቀኑ የካቦውን ምልክት ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የምሰሶውን ልክ፣ የአግዳሚውን ልክ፣ የሚስማሩን ዝገት ሳይቀር አየሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተቀመጠውን አባቴን ግን አላየሁትም። ስኒውን በዳበሳ ሲፈልግ አጠገቡ ቆሜ ስለ እንጨት ስጮህ ነበር።

ከዚያ የማልኮራበትን አደረግኩ። ጠጋ ብዬ ክንዱን ያዝኩና፣ "አባዬ፣ ግድ የለም። አሁን ያዞርከው በቃው። ቀጥ ብሏል። እንደ ሻማ ቆሟል" አልኩት።

ፊቱ ለአንድ አፍታ በራ። እጁን ዘርግቶ ካቦውን ፈለገ፤ አገኘውና በሁለት ጣቱ እንደ ክራር ክር ነካው። ካቦው ዝም አላለም፤ ጠንክሮ ነዘረ።

"ውሸታም!" አለ፤ ተቆጣ፤ የድሮው ቁጣው ነው። "ስልሳ ዓመት አናጢ ለሆነ ሰው ነው የምትዋሺው? ቀጥ ያለ ቤት እንዲህ አድርጎ ካቦ አይጎትትም! ስንት ቀረው?"

"አንድ ስንዝር" አልኩ።

"አንድ ስንዝር" አለ እሱም። የእህቴ ባል ጫማውን መሬት አስቀመጠ። ላሟ ውስጥ ሆና ጮኸች። አባቴ ፊቱን ወደ በረቱ እንዳዞረ ቆየ፤ በረቱ ያለበትን ግን ትንሽ ስቶት ነበር፤ ፊቱ የዞረው ወደ ባዶው ሜዳ ነው።

"በይ" አለ በመጨረሻ። "ምሰሶውን ግራና ቀኝ በብረት እሰሪው፤ ካቦውንም ትንሽ ላላ አድርጊለት፣ አንድ ሳምንት ይረፍ። ከዚያ እንደ ደንቡ በቀን ሩብ ዙር፣ ሳትቸኩዪ።" እጁን ከካቦው ላይ አነሳና ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ዞረ። "አሁንማ ምን ያስቸኩለናል?"