ኦጁሉ የተወላት ቦታ

ሊና ከአውሮፕላን ወርዳ ኦጁሉን በር ላይ ቆሞ ስታየው፣ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። አዲስ አበባ ሆና ቀላል መስሏት ነበር። «ጋሼ፣ ድምፅህን ከዘፈኑ አውጥቼዋለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ እሱም ደግ ሰው ነው፣ ይቅር ይላል። ሰውየው ግን በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው የመጣው።

«ሰው ሁሉ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» አላት ሻንጣዋን እየተቀበለ። «አጁሉማ ከጠዋት ጀምራ ቁጭም አላለች።»

አጁሉ ሚስቱ ናት። ሊና ስሟን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ሊና እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች የመምህር ልጅ ናት። ዛሬ የጃዝ ዘፋኝ ተብላ ስሟ ቢነሳም፣ መዝፈን የለመደችው ኦጁሉ ቶሙን ይዞ በየሰርጉ ሲዞር ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ነው። ቶም በትንሽ የእንጨት ሳጥን ላይ የተደረደሩ ብረቶች ናቸው፤ በአውራ ጣት ነው የሚመቱት። ኦጁሉ አንድ ልማድ ነበረው፤ ዘፈኑ መሀል ድንገት ያቆምና ቦታ ይተውላታል። ገብታ የመጣላትን ትዘፍናለች። ብትሳሳት እንኳ ከስህተቷ ተነስቶ ይቀጥላል።

ከሙያ ጓደኞቿ ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚጫወቱበትን አልበም ስታስብ፣ ከፒያኖና ከሳክስፎን ተጫዋቾቹ በፊት የጠራችው እሱን ነበር። ከሚስቱ ጋር አዲስ አበባ መጣ፤ ቶሙን መታ፤ ዘፈነም። ስንኙን ሲጨርስ እንደ ዘፈኑ ወግ የሚስቱን የአጁሉን ስም ጠራ። እነሱ ከተመለሱ በኋላ ግን ስቱዲዮ ውስጥ ከተጫዋቾቹ አንዱ በኦጁሉ አማርኛ ሳቀ፤ ሊናም አብራ ሳቀች። ከዚያ ያንኑ ስንኝ ሌላ ዘፋኝ እንደገና ዘፈነው፤ የአጁሉም ስም ቀረ። ይህንን ሁሉ ሊና ወዳና ፈቅዳ ነው ያደረገችው፤ ማንም አላስገደዳትም።

ኒውላንድ ሰፈር ያለው የኦጁሉ ቤት ግቢ በጎረቤትና በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሞልቶ ጠበቃት። አጁሉ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ላናግርህ» አለችው ሊና እጅጌውን ይዛ።

«መጀመሪያ ዘፈኑ» አለ እየሳቀ።

ዘፈኑ ተከፈተ። ቶሙ ሲሰማ ግቢው እልል አለ። የኦጁሉ ስንኝ ሲደርስ ግን የማያውቁት ሰው ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ያማረ ድምፅ። እልልታው ቀስ በቀስ ጠፋ። አጁሉ ጆሮዋን ወደ ማጉያው አስጠግታ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ስሟ አልመጣም።

«ኦጁሉ፣ ይሄ አንተ ነህ?» አለ ጎረቤቱ አኳይ።

ኦጁሉ ከረባቱን አላላ። «እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ፤ ሌላ ሰው ዘፈነልኝ» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ሊናን አያት።

ሰውም ሁሉ አያት።

«አዎ» አለች። «በጣም አሞት ነበር።»

አጁሉ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ዘፈኑ በተቀዳበት ቀን ባሏ ሲዘፍን ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ቆማ ስታየው ነበር።

ሰው ሲበተን ኦጁሉ ሊናን እስከ ግቢው በር ሸኛት።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ» አላት። «ዛሬ በሰው ፊት ዋሸሁ።»

«ለእኔ ብለህ ነው ጋሼ፤ አውቃለሁ። አሳፈርኩህ...»

«ከዋሸሁ በኋላ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ቦታ ተውኩልሽ። ገብተሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ ብዬ ነው።»

ኦጁሉ እንደ ድሮው ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ሻንጣዋን አንስቶ አቀበላት።