ምርጫ የሌለው ጥያቄ

ኖክዌዚ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሊቦዴ አካባቢ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ስድሳ አንድ ተማሪ አላት፤ አርባ የሚሆኑት አልጀብራ ሲባል ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ስለዚህ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የሒሳብ ማስተማሪያ መተግበሪያ የተጫነባቸው ሃያ ታብሌቶች ሲሰጣት ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች።

ከሁሉም የበረታችው አቴንኮሲ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክፍሉን እየደገመች ነው፤ ነርስ ካልሆንኩ ባይ ናት። ሌሎቹ የምሳ በቆሎና ቦሎቄያቸውን ለመቀበል ሲሰለፉ እሷ ታብሌቱ ላይ ታቀረቅራለች።

«ቲቸር! ዘጠና አራት ከመቶ!» እያለች እየሮጠች ትመጣለች።

«ተይ ባክሽ! አንቺ ልጅ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው» ትላታለች ኖክዌዚ እየሳቀች።

በሰኔው የዓመት አጋማሽ ፈተና አቴንኮሲ ያመጣችው ከመቶ አሥራ አንድ ነው።

ኖክዌዚ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። አራት ኤክስ ሲደመር ሦስት እኩል ነው አሥራ ሦስት፤ ኤክስ ስንት ነው? ይላል ጥያቄው። ልጅቷ አንድን ሞክራለች፤ ሰባት መጣ። ሁለትን፤ አሥራ አንድ። ሦስትን፤ አሥራ አምስት። እንዲህ እያለች አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሞክራ ገጹን ሞልታዋለች። አስጠራቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ታብሌቱ ላይ አራት ምርጫ አለ። አንድ በአንድ ስሞክራቸው አንዱ ልክ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ምርጫ የለም፣ ቲቸር። ከአንድ ጀመርኩ፤ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ አምስት ዘለለብኝ።»

«ከዘለለ ታዲያ ለምን ቀጠልሽ?»

«ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብዬ።»

አራት ወር ሙሉ መተግበሪያው ልጅቷን «ጎበዝ» ሲላት፣ ኖክዌዚም ከሥር «ጎበዝ» ስትላት፣ አጠገቧ ተቀምጦ እንዴት አገኘሽው ያላት ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ብቻ ይቀመጡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አቴንኮሲ ሦስቱን ከሁለቱም ወገን ቀነሰች፤ የቀረውን ለአራት አካፈለች።

«ሁለት ተኩል! ኤክስ ግማሽም ይሆናል እንዴ?» ብላ ተነሥታ ቆመች።

በአራተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ኖክዌዚን ቢሮ አስጠሩ።

«ከሠላሳ በታች ያመጡትን በሙሉ ወደ ቀላሉ የሒሳብ ክፍል አዛውሪያቸው። የትምህርት ቤቱ ውጤት እየወረደ ነው።»

«አቶ ማቢዜላ፣ አንዲት ልጅ አለች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ይተዉልኝ።»

«አንዲት ልጅ የሌለችው አስተማሪ የለም። ደግሞ ድርጅቱ ተማሪዎቻችሁ ታብሌቱ ላይ ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል ብሎ ጽፎልናል። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

ሰኞ አቴንኮሲ አክስቷ የፈረሙበትን የመዛወሪያ ቅጽ ይዛ መጣች።

«የነርስ ትምህርት ቤቱ በዚያኛው ሒሳብ እንደማይቀበልሽ ነግረሻቸዋል?» አለቻት ኖክዌዚ።

«ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ቲቸር፣ እዚያ ክፍል ኤክስ የለም አይደል?»

«የለም።»

«እፎይ» አለች ልጅቷ፣ ከልቧ።

ኖክዌዚ ቅጹን ተቀብላ ፈረመችበት። ጠረጴዛዋ ላይ ሌሎች ሠላሳ ስምንት ቅጾች ይጠብቋት ነበር።