እጇን ያላየው ካሜራ

በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ዳኛዋ ወይዘሮ ፕሩት፣ የሰባ ስምንት ዓመቱ ኦርቪል ስታውፈር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሯ ዳርሊን ኩንዝ፣ የሹፌሮቹም አለቃ ኪት ብራንት። ውጪ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል።

ዳኛዋ የአውቶቡሱ ካሜራ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተችው። አውቶቡሱ ቆሟል፤ ቁም የሚለው ቀይ ሰሌዳ ከጎኑ ተዘርግቷል፤ ሰሌዳው እስኪታጠፍ ከወዲህም ከወዲያም የሚመጣ መኪና መቆም አለበት። የኦርቪል አረንጓዴ መኪና ከወዲያ መጥታ በዝግታ ታልፋለች።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ። አጠገቤ ያለችው ባለቤቴ ዊልማ ናት። ኩላሊቷን የምትታጠብበት ላደርሳት ነበር። ካረፈደች ወንበሯን ለሌላ ሰው ይሰጡባታል።»

«ታዲያ ለምን አልቆሙም?»

«ቪዲዮው ሳይጀምር ቆሜ ነበር እንጂ። ዳርሊን ናት በእጇ እለፍ ያለችኝ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነን። እዚያ የሚሳፈረው የዴኒሰን ልጅ ጫማውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስረው፤ እሱ አስሮ እስኪጨርስ ጺም ይበቅላል። ልጁ ካልተነሳ ታሳልፈኛለች፤ ከተነሳ እቆማለሁ። ይኸው እዚህ አለች፣ ጠይቋት።»

እውነቱን ነው። ባለፈው ነሐሴ ካሜራዎቹ ሲገጠሙ ኪት ሹፌሮቹን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እጃችሁ መሪ ላይ ይሁን። ሰሌዳው ተዘርግቶ መኪና ያሳለፈ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ይሂድ» ብሏቸው ነበር። ዳርሊን ሰምታለች። ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ግን ስብሰባ አይገባውም፤ ሦስት ጠዋት ሳታስበው ተነሳባት። ካሜራው ደግሞ የተገጠመው ከአውቶቡሱ ጎን ነው፤ መንገዱን እንጂ እሷን አያይም። የቅጣት ደብዳቤዎቹ ዘግይተው ሦስቱም በአንድ ሳምንት ኦርቪል ቤት ደረሱ። ሦስተኛው ጥፋት መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል።

ዳርሊን ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ነበር። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ግን ኪት ከፍቶ አሳለፋትና፣ «ግሌን እንዴት ነው? ልቡ ተሻለው?» አላት። ግሌን ባሏ ነው። የሚታከመው በእሷ ሥራ የጤና ዋስትና ነው። ኪት ይህን የጠየቃት ከልቡ አዝኖ ይሁን ወይም ሊያስታውሳት ፈልጎ፣ ልትለየው አልቻለችም።

«ወይዘሮ ኩንዝ፣» አለች ዳኛዋ፣ «በእጅዎ ምልክት ሰጥተዋቸዋል?»

«አላስታውስም፣» አለች ዳርሊን።

«አንድም ጊዜ?»

«እኔ የማየው ልጆቹን ነው።» ኪት ከኋላዋ ወንበሩ ላይ ሲመቻች ሰማችው። «እጄ መሪው ላይ ነው የሚሆነው።»

ኦርቪል በደንብ እንዳልሰማ ሰው ወደ እሷ ዘንበል አለ። ዳኛዋ ሌላ የሚሉት እንዳለ ስትጠይቀው «የለኝም» አለ። ቅጣቱ ጸና።

ኮሪደሩ ላይ የካፖርቱ ዚፕ አልዘጋ ብሎት ሲታገል ዳርሊን ደረሰችበት።

«አቶ ስታውፈር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሥራ የለኝም። ወይዘሮ ዊልማን ላድርስልዎት።»

«ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝንብ ስታባርሪ ኖረሻል፣» አላት ከዚፑ ቀና ሳይል። «እኔ ሞኙ ደግሞ ለኔ እየመሰለኝ።»

«ቢያንስ ቅዳሜን...»

«ቅዳሜማ የእህቷ ልጅ አለ። የቸገረን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ያኔ አንቺ አውቶቡስ ላይ ነሽ።» ዚፑን ተወው። «አሁን ልሂድ፣ አምስት ሰዓት ላይ ትጨርሳለች። ዛሬ እንኳ መንዳት አልተከለከልኩም።»

ዳርሊን ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠ ሲወጣ ቆማ አየችው።

ፈቃዱ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ለስልሳ ቀን ታገደ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ተራ ገብተው ዊልማን አመላለሷት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ባለተራው ሳይመጣ ቀረ፤ ዊልማ ኩላሊቷን ሳትታጠብ ዋለች፣ ዓርብ ማለዳ ሆስፒታል ገባች።