ስድብ የናፈቀው

በዚያ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሰው የሚከበረው በሚወርድበት ስድብ ልክ ነበር። ይህን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሽርጡን ፈትቶ ሊሄድ ይነሳል፤ የቆየው ግን የሚደነግጠው ስድቡ ሲያጥርበት ነው። ዋናው ሼፍ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ግን ገና አላረጀም። ነጎድጓድ ይሏቸዋል፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ሾርባው ጨው ከበዛበት "ባሕር ነው እንዴ የቀዳህልኝ?" ብለው ይጮሃሉ። ሥጋው ከዘገየ "በትንፋሽህ ነው እንዴ የምታበስለው?" ይላሉ። ጮኸው ሲጨርሱ ቂም የሚባል ነገር የላቸውም።

የሥጋውን ምድጃ የያዘው ሰው ጆሮ ይባላል። አስተናጋጆቹ በሩን በእግራቸው እየገፉ ገብተው ትዕዛዙን ሲያዘንቡበት፣ እሱ ጀርባውን እንደሰጣቸው ሁሉንም ይይዛል። የትኛው ጠረጴዛ ደረቅ ያለ፣ የትኛው ለስለስ ያለ እንዳዘዘ አንዲት አያመልጠውም። "ይህ ሰውዬ ጭንቅላት የለውም፤ ከአንገቱ በላይ ያለው ጆሮ ብቻ ነው" ብለው ስሙን ያወጡለት ነጎድጓድ ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ቤቱ እስኪደርስ ብቻውን ሲስቅ ነበር።

ምን ያስቀዋል ትሉ ይሆናል። ድንጋይ ራስ ከመባል ጆሮ መባል በስንት ጣዕሙ! ልጅ ሳለ ስሙ ድንጋይ ራስ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ፊደልም ቆጥሯል። ፊደሎቹ ግን እሱ ዘንድ ሲደርሱ አይረጉም። አንዱን ቃል ይዞ ወደሚቀጥለው ሲሻገር የያዘው ያመልጠዋል፤ ተመልሶ ሲፈልገው ሌላ ቃል ሆኖ ይጠብቀዋል። ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ በጣቱ እየተከተለ ከሆነ ያነባል። ሰው አጠገቡ ከቆመ ወይም ከተጣደፈ ግን አበቃ። አስተማሪው ገረፈው፣ አባቱ ገረፈው፣ ሲያድግ ደግሞ ራሱን በሆዱ ሲገርፍ ኖረ። ዘዴ ግን አያልቅበትም። የሚነበብ ነገር ሲመጣ "መነጽሬን ረሳሁ" ይላል፤ ዓይኑ እኮ የጭልፊት ነው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ከምድጃው በላይ ስክሪን ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ አስተናጋጅ አይጮህም፤ ሳሎን ሆኖ በእጁ የያዘውን መሣሪያ ይነካካና ትዕዛዙ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ሲዘገይ ደግሞ ጽሑፉ ቀይ ይሆናል። ሁሉም "ከጩኸት ተገላገልን" ብሎ ሲደሰት የጆሮ ወሽመጥ ብጥስ አለ።

ያዳነው ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ ከአጠገቡ ዓሣ የሚያበስል፣ አፉ የማይከደን ሰው ነው። ጆሮ ስክሪኑ ላይ አፍጦ ሲያልበው አየውና፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ትዕዛዙን እንደ ኳስ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ። "ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ እየገሰገሰ ነው! ሁለት ሥጋ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ለስለስ ያለ! ተከላካዩ ጆሮ ምን ይል ይሆን!" ወጥ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ነጎድጓድ "ይህን ቆርቆሮ የሚዘጋልኝ ሰው ጠፋ?" ይላሉ። ሬዲዮ ወይ ፍንክች። ጆሮ ለምን እንደሚያነብለት ጠይቆት አያውቅም፤ ሬዲዮም ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ወራት እንዲህ አለፉና ሬዲዮን ወደ ሆቴሉ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩት። ሲሰናበት ጆሮን አቅፎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ "ወንድሜ፣ ለአንድ ሰው ንገር" አለው። ለካ ሁሉንም ያውቅ ነበር።

ሬዲዮ በሄደ በሳምንቱ ጉድ ሊፈላ ነበር። አንዲት እንግዳ ኦቾሎኒ ስለማይስማማት ሥጋው ያለ ስጎ ይምጣልኝ ብላ ነበር፤ ይህም ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ጆሮ ግን በጥድፊያ የምግቡን ስም ብቻ ለቀመና የኦቾሎኒውን ስጎ ከላይ አፈሰሰበት። አስተናጋጇ በር ላይ ባታየው ኖሮ ሴትየዋ ታንቃ ትሞት ነበር። "ሰው ልትገድልብኝ!" ብለው ጮሁ ነጎድጓድ። "ያን ጆሮህን ሸጠህ ዓይን ግዛበት!" የመጨረሻው ስድብ ያ ነበር፤ ማን አወቀ።

ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ለሚስቱ ነገራት።

"ንገራቸው" አለችው። "ወንጀል አይደል። እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ ችግሩ ስም እንኳ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ናቸው እኮ፣ ይገባቸዋል።"

"ካባረሩኝስ?"

"ሴትየዋ ሞታ ቢሆንስ?"



በማግስቱ ነጎድጓድን ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ፣ በተሰቀለው ሥጋ መካከል አገኛቸው። "ሼፍ፣ ሲጮህልኝ አንድም አልስትም። ማንበብ ነው ያቃተኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብልኝ ምድጃውን እንደ ድሮው እይዘዋለሁ።"

ነጎድጓድ ቆባቸውን አወለቁ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። "አይዞህ ልጄ" አሉት፣ ሰምቶት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ። "ምነው እስከዛሬ ዝም አልክ? አይዞህ፣ እኔ አለሁ።" ጆሮ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ያን ዕለት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ወገቧን ይዞ አዞራት።

በነጋታው ነጎድጓድ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። "ወንድማችን ችግር አለበት" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ክፉ ቃል የሚናገረው ሰው ቢኖር ውርድ ከራሴ።" ጆሮ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። ምድጃውን ለሌላ ሰው ሰጡና እሱን ወደ አትክልቱ ጠረጴዛ ወሰዱት፤ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር። "ደሞዝህ አይነካም። እዚህ ማንም አያጣድፍህም።"

"ሼፍ፣ የሚያነብልኝ ካለ እኮ…"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አንተ ብቻ አትጨነቅ።"

ከዚያ ወዲያ ጆሮ ብሎ የሚጠራው ጠፋ። "ወንድሜ" ሆነ። አስተናጋጇ አትክልት ልትጠይቀው ስትመጣ ካሮት አንስታ እያሳየችው "ይኼን። ካሮት። እሺ?" ትለዋለች። ካሮትን ለማወቅ ፊደል የሚያስፈልግ ይመስል! ሲሰዳደቡ የቆዩት ሁሉ እሱ ሲጠጋ ጭጭ ይላሉ። አንድ ቀን ራሱ ጀምሮ፣ ኬክ ጋጋሪውን "ይህ ኬክ ነው ወይስ ጡብ?" አለው። ድሮ ቢሆን ዘር ማንዘሩን ይቆጥርለት ነበር። አሁን ግን ፈገግ አለና "እውነትህን ነው ወንድሜ" አለው።

ዓርብ ዕለት፣ ምሳው በተጧጧፈበት ሰዓት፣ ገና ያልሞቀ የሾርባ ድስት ተሸክሞ ወደ ምድጃው ሲሄድ መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። ድስቱ አልከበደውም። እጁም አልዛለም። አውቆ ለቀቀው።

ሾርባው እስከ በሩ ሄደ። ነጎድጓድ ዞሩ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ አፋቸው ተከፈተ፤ የጆሮ ልብ በተስፋ ዘለለች። ከዚያ ማን መሆኑን አዩና አፋቸውን መልሰው ገጠሙት።

"አይዞህ" አሉ ቀስ ብለው። "ሾርባ ነው፤ ሌላ ይሠራል። አልተጎዳህም አይደል?"

"አውቄ ነው የጣልኩት፣ ሼፍ።"

"አይዞህ፣ አይዞህ።"

ከዚያ ወደ ሥጋው ምድጃ ዞረው በአዲሱ ሰው ላይ ፈነዱ። "አንተስ ምን ይገትርሃል! ሥጋ ጥበስ አልኩህ እንጂ ከሰል አክስል መቼ አልኩህ!" አዲሱ ሰው አንገቱን ደፍቶ በሆዱ ሳቀ። ጆሮ መወልወያውን እንደያዘ አየው፤ እንደዚያን ቀን በሰው ቀንቶ አያውቅም።

ማታ ሚስቱ እግሩን እንኳ ሳያሳርፍ ጠየቀችው። "ዛሬስ? ተቆጡህ?"

"አልተቆጡኝም።"

"አላልኩህም? ሰው ናቸው ብዬህ ነበር። በል ተመስገን በል።"

"ተመስገን" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።