የኦዴት ዘጠኝ ኢንች ተኩል

ሃርላን ቲልደን ኦዴት ፉርታዶን «ማስመሪያ አጋዳይ» ያላት ቅዳሜ ጠዋት፣ በዴላ ቁርስ ቤት፣ እንቁላሉን እያኘከ ነበር። ከሳህኑ ቀና እንኳ አላለም።

ለሌላ ሰው ይህ ስድብ ላይመስል ይችላል። እኛ ግን የበረዶ ለኪዎች ማኅበር ነን። ማስመሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚተክል ሰው አራት ኢንች ካገኘ፣ የሚያጋድለው አምስት ያገኛል። በእኛ መካከል ከዚህ የከፋ ስም የለም። ሌባ ይሻላል፤ ሌባ ቢያንስ የሚጠቅመውን ነው የሚሰርቀው።

ጠቡን ያመጣው በጥር ወር የመጣው ማዕበል ነው። ከቦስተን በስተደቡብ ባለው በእኛ ዳርቻ ማዕበል ከባሕር በመጣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ዝናብ ነው ወይስ በረዶ? ሁለት ማይል ሁሉን ይለውጣል። አንዱ አካፋ ይዞ ሲወጣ ሌላው ጃንጥላ ይይዛል። ዴላ ቤት ግድግዳ ላይ የአካባቢው ካርታ ተሰቅሏል። ማዕበል ሲቃረብ እያንዳንዳችን የየራሳችንን የሱፍ ክር በስፒል እንወጥርበታለን። ከክሩ ወደ ባሕር ያለው ዝናብ፣ ከክሩ ወደ መሬት ያለው በረዶ ማለት ነው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሁሉም በግቢው የለካውን ይናገራል፤ የመለኪያ ካርዱንም ግልባጭ ይሰጠኛል፤ እኔም በማኅበሩ መዝገብ እጽፋለሁ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለሆንኩ መዝገቡን የሰጡት ለእኔ ነው።

በጥር ወሩ ማዕበል የዳርቻው ሰዎች አራት አራት ኢንች ለኩ። ከባሕሩ አምስት ማይል ርቆ የሚኖረው ሃርላን ሰባት ለካ። ከውሃው ግማሽ ማይል ላይ ያለችው ኦዴት ግን ዘጠኝ ተኩል አለች።

«ባሕሩ አፍ ላይ ተቀምጠሽ ከእኔ ልትበልጪ?» አላት ሃርላን። «ማስመሪያሽ ደክሞት ጋደም ብሎ ይሆናላ! አጋዳይ ነሽ።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ኦዴት ካፖርቷን አንስታ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ሃርላን በሹካው ወደ መዝገቡ አመለከተና «ሰርዘው» አለኝ። ሃርላን ሠላሳ ዓመት ቀያሽ መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል፤ ማኅበሩንም የመሠረተው እሱ ነው። እርሳሴን አወጣሁና በዘጠኝ ተኩሉ ላይ መስመር ሳብኩበት። ኦዴት ሃያ ሁለት ክረምት በየማለዳው የትምህርት ቤት አውቶቡሷን ለመንዳት ከመውጣቷ በፊት ለክታለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቁጥሯ አንድም ተሰርዞባት አያውቅም።

በየካቲት ሌላ ማዕበል መጣ። ረቡዕ ማታ ዴላ ቤት ተሰበሰብን። ኦዴትም መጣች፤ እንደማትቀር አውቅ ነበር። ማንንም ሳታይ ቀጥታ ወደ ካርታው ሄደችና ቀይ ክሯን ከውሃው ጠርዝ ላይ ወጠረችው።

«እስከ አሸዋው ድረስ በረዶ?» አለ ካልቪን። ካልቪን የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፤ አፉም እንደ መጥረጊያው ያገኘውን ይገፋል። «ኦዴት፣ ባሕሩ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ፋራናይት ነው። ውሃ በረዶ ከሚሆንበት በሰባት ይበልጣል። ነፋሱ ደግሞ በላዩ አልፎ ነው ቤትሽ የሚገባው።»

«ነፋሱ ይዞራል። ሐሙስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት ከሰሜን መንፈስ ይጀምራል፤ ከዞረ ከመሬት ነው የሚመጣው።»

«ካልዞረስ?»

«ካልዞረ እረጥባለኋ! በዝናብ የሞተ የለም።»

ሃርላን ሰማያዊ ክሩን ከባሕሩ ሦስት ማይል አርቆ ወጠረ። እጁ አይቸኩልም። «የማዕበሉ እምብርት ወደ ዳርቻው ተጠግቶ ነው የሚያልፈው» አለ። «ሲጠጋ ሙቀቱን ይዞ ይገባል። ይህቺ ሴትዮ የምትተነብየው በልቧ ነው። በረዶ ስለምትወድ በረዶ ይመጣል ትላለች። ስትለካም እንደዚያው ናት።»

«ስለካ እንዴት ነኝ?» አለች ኦዴት።

ዴላ ሳህን የምትጠርግበትን ጨርቅ ይዛ ቆመች።

«የጥር ወሩ ቁጥርሽ እንዲመለስልሽ ከፈለግሽ» አለ ሃርላን፣ «በዚህኛው ማዕበል ሰው አጠገብሽ ቆሞ ይይ። ሲላስ ይሂድ» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ሃያ ሁለት ክረምት!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ጠገነችው። «ልጄ ስትወለድ እንኳ ባሌን ከሆስፒታል ልኬ ነው ያስለካሁት። ዛሬ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሞግዚት ታቆምብኛለህ?»

«የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው ሞግዚት አይፈራም።»

ዘወር ብላ አየችኝ። «ይምጣ። ግን ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።»

ዓርብ ማለዳ ሲነጋጋ ደረስኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ፤ ወዲያው ግን በጓሮ በር በኩል እንድንወጣ የባሏን ቦቲ ሰጠችኝ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር። አልዞረም። ፊቴ ላይ የሚያርፈው ጨው ጨው ይላል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሦስት ላይ ነበር፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢወርድ ኖሮ ሌላ ጠዋት ይሆን ነበር። በዝናቡ መካከል ትልልቅ የበረዶ ብናኞች እየወረዱ፣ መሬት ሲነኩ ይጠፋሉ።

የመለኪያ ሰሌዳዋ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው፤ በልብስ ማስጫው ገመድና በአጥሩ መካከል ተቀምጧል። አጎንብሰን አየነው። ላዩ ላይ ሥሥ ነገር ተጋግሯል፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ በረዶ። ጣት ቢነካው ይፈርሳል። ኦዴት ማስመሪያዋን ተከለች። እንደ ሻማ ቀጥ አለ። እያየሁት እንደሆነ ታውቃለች፤ ጥርሷን ነክሳለች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሆነ። ካርዷን አወጣች።

«ሁለት አሥረኛ ኢንች ይሆናል» አልኳት። እውነት ለመናገር አይሆንም ነበር። አሳዝናኝ ነው ያልኩት። ቀይ ክሯ ውሃው ጠርዝ ላይ ተወጥሮ ሰዎች ሲስቁባት ታየኝ። «ቢያንስ አንድ አሥረኛ። እኔ እመሰክራለሁ።»

ቀና አለች። ዝናቡ ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ ይወርዳል።

«አንተም?»

«እኔ ለመርዳት...»

«አጋዳይ አለመሆኔን እንድታይ ተልከህ መጥተህ፣ አጋድዪ ትለኛለህ? እዚህ ላይ ማስመሪያ የሚይዘው ነገር የለም። 'ምልክት' ነው።» የማይለካ ትንሽ ነገር በመዝገባችን «ምልክት» ተብሎ ይጻፋል። ጻፈችው፤ ጫን ብላ ስለጻፈች ካርዱ ሊበሳ ደረሰ። «በረዶ እንዲሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጸልያለሁ። ጸሎቴን ግን ካርድ ላይ አልጽፍም።»

ኩሽና ገብተን እጄን ምድጃው ላይ አሞቅሁ። እሷ ካርዱን ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ስታስቀምጥ፣ የጥር ወሩን ካርድ እንዳይ ጠየቅኋት። ወረወረችልኝ። ዘጠኝ ተኩል በመጀመሪያው ዓምድ አለ። በሁለተኛው ዓምድ፣ በትንሽ ጽሕፈት፣ «ውሃ፦ ዘጠና ሦስት መቶኛ ኢንች» ይላል።

የውሃውን ዓምድ ማናችንም አናነብም። ደንቡ ሁለቱን መለካት ነው፤ የበረዶውን ቁመት፣ ከዚያ ደግሞ ከሰሌዳው ላይ በጣሳ የተቆረጠው በረዶ ሲቀልጥ የሚሆነውን ውሃ። በእኛ ዳርቻ አሥር ኢንች በረዶ ሲቀልጥ አንድ ኢንች ገደማ ውሃ ይወጣዋል። እኛ ግን የምንወደው ቁመቱን ነው፤ የምንፎክረውም የምንጣላውም በቁመቱ ነው። እኔም ከየካርዱ ቁመቱን ብቻ ገልብጬ ውሃውን እተወው ነበር። ማስመሪያ ይጋደላል። ውሃ ግን በጠባብ ብርጭቆ ውስጥ የትም አይጋደልም።

«ይህን ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ካርዱን ሰጥቼሃለሁ እኮ። ልጄ፣ ማንበብ የአንተ ሥራ ነው።»

ቅዳሜ ዴላ ቤት ሞልቶ ጠበቀን። ሃርላን ስድስት ኢንች ለክቶ ነበር፤ ሰማያዊ ክሩም ልክ ሆኖለታል። ኦዴት ቆማ «ምልክት» አለች።

«ሰማችሁ?» አለ ካልቪን። «እስከ አሸዋው በረዶ ያለችው ሴትዮ አሸዋ ለካች!»

ሃርላን ግን አልሳቀም፤ ደስ ብሎት ነበር፤ ይህ ይብሳል። «ይኸውልሽ ኦዴት» አለ፣ «እውነት ስትናገሪ እንዴት ያምርብሻል። በዚህ ጊዜ ሁላችንም እናምንሻለን።»

«ሲላስን ምን አየህ ብለህ አትጠይቀውም?»

«ለምኑ? ለባዶ ሰሌዳ?»

«ዘጠኝ ተኩል ስል ምስክር፤ ባዶ ስል አሜን!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ ማንኪያዎቹ ዘለሉ። «እኔ እውነተኛ የምሆነው ከአንተ ሳንስ ብቻ ነው? ትናንት አንተ ስድስት ስትል አጠገብህ ማን ቆሞ ነበር? ንገረኝ እስቲ፣ የማን ጫማ ነው በርህ ላይ የወለቀው?»

ሃርላን ሹካውን አስቀመጠ። ማኅበሩን ከመሠረተ ጀምሮ ማንም ይህን ጠይቆት አያውቅም።

ከመዝገቡ ውስጥ የጥር ወሩን የካርድ ግልባጮች አወጣሁና ቆሜ አነበብኩ። ሰው ፊት መናገር አልለመድኩም። የሃርላን ሰባት ኢንች፣ ውሃው ሰባ አንድ መቶኛ። የኦዴት ዘጠኝ ተኩል፣ ውሃው ዘጠና ሦስት መቶኛ።

«ዝናብ ተቀላቅሎበት ይሆናል» አለ ሃርላን።

«በዚያ ሌሊት ቴርሞሜትሯ ከሃያ ዘጠኝ በላይ አልወጣም። እዚሁ ተጽፏል» አልኩ።

«ታዲያ ጎረቤቶቿ እንዴት አራት ለኩ?»

ለዚህ የመለሰው ካልቪን ነው፤ ወደ ሳህኑ እያየ። «በዚያ ሌሊት መጥረጊያዬን ሁለት ጊዜ ያቆመብኝ የእሷ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ሦስት መንገድ አልፎ ግማሹን ያህል እንኳ አልነበረም። በረዶው በጠባብ መስመር ነው የወረደው።»

«ያኔ ለምን አልተናገርክም?» አለችው ኦዴት።

«ሁሉም ሲስቅ ነበርኮ።»

ኦዴት መዝገቡን ከፊቴ ጎትታ ገጹን ፈለገች። በቁጥሯ ላይ ያለውን የእርሳስ መስመር በጣቷ ተከተለችው። መስመሩ በጥንቃቄ የተሳበ ነው፤ የተሰረዘው ቁጥር ከሥሩ ይነበባል።

«ሃርላን፣ ይህን አንተ ነህ የሳብከው?»

«እኔ እርሳስ አልያዝኩም» አለ ሃርላን። እውነቱን ነው። ወደ እኔም አላየም፤ በዚያች ቅጽበት ዝም ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አንቺ እንደወጣሽ።»

ከሃርላን ስድብ ይልቅ ይህ እንደጎዳት ፊቷ ላይ አየሁ። ላጲሴን አወጣሁ። መዳፏን ገጹ ላይ ጫነችው።

«አይነካም!»

«ላጠፋው ነው እኮ፤ ቁጥርሽ እንዲመለስ...»

«ቁጥሬ የትም አልሄደም፤ ይኸው ይነበባል። ብታጠፋው ንጹሕ የምትሆነው አንተ ነህ። ከእኔ በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው መስመሩን ይየው። አጠገቡ የሳበው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሳበው ጻፍበት። በእስክሪብቶ።»

ዴላ ከጆሮዋ ላይ እስክሪብቶዋን አንስታ ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ። «ሃርላን ቲልደን ስላዘዘኝ፣ ካርዱን ሳላነብ» ብዬ ጨመርኩ። ሃርላን ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፤ ማንም አልከተለውም፤ ማንም ግን ልክ ናት ብሎ አፉን አልከፈተም።

ኦዴት ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ቃል በቃል አነበበችው።

«የውሃውንም ጻፍ» አለች። «የሃያ ሁለቱን ዓመት። ካርቶኑ መኪናዬ ውስጥ ነው።»