ሐሩ ላይ የታየው ሞገድ

የሐር ሸማኔዎች ከተማ በሆነችው ማርጊላን ውስጥ ሐጀርቢቢን የሚያውቅ ሁሉ ውኃ ቀጠነ ብላ እንደምትጣላ ያውቃል። ምራቷ ኦይዲን ግን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት አብራት ኖራለች። በዚያ ማክሰኞ ደግሞ አሮጊቷ እጅ ማስረጃ ገባ።

ማስረጃው ፎቶ ነው። ኦይዲን አማቷ የሸመነችውን ባለ ቀጭን መስመር ሐር በስልኳ አንስታ፣ ባሏ ከሩሲያ በላከላት ማተሚያ በመዳፍ ልክ አተመችው፤ የገበያ ደንበኞች ጣቃው ሳይዘረጋ እንዲመርጡ ብላ። ወረቀቱ ሲወጣ ቀጥ ባሉት መስመሮች ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ሞገድ ተጠማዞ ተደርቦባቸዋል። ጨርቁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሐጀርቢቢ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። የተሸመነ ሐር እንዲያብረቀርቅ በእንጨት መዶሻ ተደብድቦ ሲያበቃ ውኃ የሮጠበት ከመሰለ ማጉ ውስጥ ጥጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ከእናቷ የተማረችው ይህንኑ ነው። ክሩን ገዝታ የምታጠነጥነው ደግሞ ኦይዲን ናት።

«ሐሩን ለእናትሽ ሰጥተሽ ለእኔ ጥጥ አጠነጠንሽልኝ» አለች።

«ጨርቁን በእጅዎ ይዳስሱት እንጂ እማማ። ሞገዱ የፎቶው ነው።»

«እጄ አርጅቷል። ማሽን ደግሞ ምን አግኝቶ ይዋሻል? እሱ አማት የለው፣ የሚጠላው ሰው የለው።»

«እኔስ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?»

«ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል።»

በዚያው ቀን ለኦይዲን አባት ላከችበት፤ ዓርብ መጥቶ ልጁን እንዲወስድ። ኦይዲን ባሏ ጋ ደወለች። «እናቴ ያለችው ይሁን» አለና ዘጋው። በሌብነት ስም ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችን ሴት በዚያ ከተማ ዳግመኛ ክር የሚያስነካት የለም፤ ኦይዲን ደግሞ ከክር ሌላ ሙያ የላትም።

ሁለት ቀን ከማተሚያው ጋር ታገለች። ጨርቁን ጠጋ ብላ ስታነሳው ሞገዱ ይጠፋል፣ ራቅ ስትል ይመጣል። በትልቅ ወረቀት ስታትመው ንጹሕ ነው፣ ስታሳንሰው ይመለሳል። በመጨረሻ ገባት፤ የጨርቁ መስመሮችና ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ሳይገጥሙ ሲደራረቡ ነው ሞገዱ የሚወለደው፣ ሁለት ወንፊት ደራርቦ እንደማየት። ንጹሑን አትማ ለአማቷ አሳየቻት።

«ጎሽ» አለች ሐጀርቢቢ። «መስረቁን ታውቂበት ነበር፣ አሁን መደበቁንም ተማርሽ።»

ኦይዲን እርር ድብን አለች። ዓርብ ጠዋት አሮጊቷ ጎረቤት ስትሄድ ጠብቃ ሳጥኑን ከፈተችና የአሮጊቷን ሟች ባል ካባ አወጣች። ሐጀርቢቢ ለሠርጋቸው ራሷ አጠንጥና ራሷ የሸመነችው ባለ ቀጭን መስመር ሐር ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ኦይዲን ጨርቁ ተሰቅሎበት በነበረው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ልክ የማክሰኞውን ያህል ርቃ አነሳችው፤ በመዳፍ ልክ አተመችው።

አማቷ ተመልሳ ካባውን ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እጅሽ ይቆረጥ» አለች።

«ይቆረጥ። አስቀድመው ግን ይኼን ይዩ።»

ሐጀርቢቢ ፎቶውን ተቀበለች። ያው ሞገድ ከካባው ትከሻ እስከ ጫፉ ወርዷል።

«እዚህኛው ውስጥ ጥጥ የጨመረው ማነው እማማ? ያኔ እኔ አልተወለድኩም።»

አሮጊቷ ካባውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ካባውን አየች። ተጠግታ እጅጌውን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። እጄ አርጅቷል ያለችው ሴት ለዚህ ጊዜ እጅ አላጣችም።

«የእሱ ንጹሕ ሐር ነው» አለች።

«የእርስዎም ንጹሕ ነው። ያጠነጠንኩት እኔ ነኝ።»

በሩ ተንኳኳ። የኦይዲን አባት ቶሊብ ነው፤ ከሐፍረቱ የተነሣ ቀና ብሎ ሰው ማየት አቅቶታል። ሐጀርቢቢ ከምራቷ ቀድማ ተቀበለችው።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ልጅዎ አልሰረቀችም፤ ያ ማሽን ነው የዋሸን። የሩዝ ፕሎቭ ተጥዷል፣ በልተን እንጫወታለን።»

ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም። ቶሊብ ግን ጭንቀቱ ቀለል ስላለው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ኦይዲን ማተሚያውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ልብሷን የቋጠረችበትን ጨርቅ ይዛ ከውስጥ ወጣች።

«አባባ፣ ጫማዎን አያውልቁ» አለችው። «አለመስረቄን ከእሷ አፍ እስኪሰሙ ነበር የጠበቅሁት። ሰሙ፤ እንሂድ።»