የአጣቢዋ ሲስተር ሁለተኛ ተአምር

"እንኳን መጡልኝ ጋሼ፤ አሁን ተኩሼ መጨረሴ ነው" አለችና ልብስ ተኳሿ አራቱን የመሠዊያ ልብሶች በር ላይ በቆሙት ሽማግሌ ክንድ ላይ ደረደረቻቸው።

ሽማግሌው፣ የካቶሊክ ቁምስናው ጸሐፊ፣ ዶሴያቸውን በብብታቸው ወሽቀው ተቀበሏት። ይሉኝታ ያጠቃቸዋል። ትኩሱ ጨርቅ አገጫቸው ድረስ ደርሶ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣

"ልጄ፣ እኔ እንኳ ለልብሱ አልነበረም የመጣሁት" አሉ። "ለፊርማው ነው።"

ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ሳቅ ተሰማ። "ጋሼን አጋሰስ አደረግሻቸው እኮ!" አለች ባልደረባዋ። ይህቺ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ በሆስፒታሉ ሁሉ "ሬዲዮ" ነው የምትባለው።

ተኳሿ አልሳቀችም። ልብሶቹን መልሳ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። የፊርማውን ነገር ረስታው አይደለም፤ ዛሬ እንዳይሆን ስትለምን ነው ያረፈደችው።

አጣቢዋ ሲስተር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መንኩሳ ገብታ አርባ አንድ ዓመት የበሽተኛ አንሶላ ያጠበችው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ሶዳው ጣቶቿን በልቷቸው በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ እንኳ አቅቷት ነበር ይባላል። ኮሌራ በገባበት ዓመት እሷ ባጠበችው አንሶላ ላይ የተኙት ተነሡ ይባላል። ካረፈች በኋላም ደሟ አልቆም ያለ አንዲት ወላድ የሲስተርን ሽርጥ ሆዷ ላይ ቢያደርጉላት ደሙ ቀጥ አለ፤ ይህኛው ተመርምሮ ተቀባይነት ስላገኘ ከዘጠኝ ዓመት በፊት "ብፅዕት" ተብላለች። "ቅድስት" ለመባል አንድ ተአምር ይቀራታል። ለሠራተኞቹ ያወረሰቻቸው ግን ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈውን ቃሏን ነው፦ "ደም በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ያጸናዋል።"

የቀረው አንዱ ተአምር የተኳሿ ባል ነው።

ሰውየው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ነበር። የሚጥል በሽታ ያዘውና የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለው ቤት አስቀመጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰው መኪና ሲቆጥር ኖረ። አንድ ሐሙስ ተኳሿ ከሲስተር ሽርጥ የተቆረጠች፣ ጣት የምታክል ጨርቅ ከቁምስናው ተውሳ ግንባሩ ላይ አሳረፈችለት። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰባት ወር ሳይወድቅ ቆየ። ያየ የሰማ ሁሉ ጉድ አለ። ጸሐፊው ምስክርነቷን ጻፉ፤ ቁምስናውም "ድኗል" ብሎ ደብዳቤ ሰጠውና ቁልፉ ተመለሰለት።

ምስክርነቷን በሰጠች ቀን ጸሐፊው፣ "መድኃኒት ይወስዳል?" ብለው ጠይቀዋት ነበር።

"ድሮ አቁሟል" አለች። አላቆመም ነበር። እንዲያውም ሐኪሙ አዲስ ክኒን ያስጀመረው ከዚያ ሐሙስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ ነው። ቃል ከአፏ ወጥቷል፤ ሲስተርን ማሳፈር ደግሞ አልሆነላትም። እቤቷ እንደገባች ክኒኑን በስታርች ጣሳ ውስጥ ደበቀችው። "እሷ ካዳነችህ በኋላ ክኒን መዋጥ አለማመን አይሆንም?" አለችው ባሏን። እሱም ደስ አለው። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎታል።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነቃች።

"በእንቅልፌ ምላሴን ነክሼው ነው" አላት በኋላ፣ ፊቱን ታጥቦ።

"አይቼሃለሁ።"

"ምንም አላየሽም።" የሸሚዙ ቁልፍ አልገባ ብሎት ይታገል ነበር። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "በናትሽ፣ እዚያ መስኮት ሥር መልሰሽ አታስቀምጪኝ።"

ወጣ። እሷ የትራሱን ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችው፤ ደሙ ለቀቀ።

አሁን ጸሐፊው ዶሴውን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ። "'ፈውሱ ያለ መድኃኒት የሆነ፣ ሙሉና ዘላቂ መሆኑን አረጋግጣለሁ።' እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ። ነገ ይላካል።" ብዕሩን ሰጧት። "ሠላሳ ዓመት ነው ይህን ዶሴ ተሸክሜ የዞርኩት። ሳልሞት ባየው ብዬ።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!" አለች ሬዲዮ፣ እጇን እየጠራረገች መጥታ። "የኛ ተኳሽ ስሟ ጳጳሱ ጆሮ ሊደርስ ነው! ያኔ ለኔ ሰላምታ እንዳትነፍጊኝ።"

ተኳሿ ሰዓቱን አየች። ስምንት ሊሆን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሏ አርባ ሰው ጭኖ በድልድዩ ቁልቁለት ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ቢመለስበትስ?"

"ምኑ?"

"በሽታው።"

ጸሐፊው ሳቁ። "የሲስተር ሥራ እንደኛ ሥራ መሰለሽ? እሷ የጀመረችውን..." ፊቷን ሲያዩት ሳቃቸው መንገድ ላይ ቀረ። "ተመልሷል እንዴ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ሬዲዮ እጇን መጥረጓን ተወችው።

"ክኒኑንም ያስጣልኩት እኔ ነኝ" አለች ተኳሿ። "ለእርስዎ ዋሸሁ። ከዚያ ውሸቴን እውነት ላደርገው ብዬ..."

ጸሐፊው ወንበር በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። ዶሴውን እንጂ እሷን አላዩም። "አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እኮ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ፣ "ሲስተር ምን አጠፋች?" አሉ።

"እሷማ ምን አጠፋች" አለች ተኳሿ።

"ቆይ፣ ሰውየው አሁን የት ነው?" አለች ሬዲዮ።

"ሥራ።"

"በሰርቪሱ? ኧረ በፈጠረሽ! በሰው ነፍስ?"

ተኳሿ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የመተኮሻውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄዳ የመኪና ስምሪት ክፍሉን ቁጥር በቃሏ ደወለች።

"ሚስቱ ነኝ" አለች። "ዛሬ ወድቋል። ከሰዓት መኪናውን እንዳትሰጡት።"

"እርግጠኛ ነሽ እህቴ?" አለ የስምሪት ሠራተኛው። "ድኗል የሚል ደብዳቤ አለው እኮ፤ ማኅተም ያለው።"

"ደብዳቤው ልክ አይደለም። በኔ ቃል ነው የተጻፈው።"

ስትመለስ ጸሐፊው ዶሴውን አሥረው ቆመዋል። እሷን ያላዩ መስለው አራቱን የመሠዊያ ልብሶች ራሳቸው አንሥተው ታቀፉና፣ "እሑድ ያስፈልጋሉ" ብለው ወጡ።

ባሏ አሥር ሰዓት ላይ ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤት ገባ። ማን እንደደወለ ነግረውታል። ተኳሿ ክኒኑን ከስታርች ጣሳው አውጥታ፣ ዱቄቱን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ዘረጋችለት። መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱን ወደሷ አላዞረም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት የትራሱን ልብስ ከገመድ ልታወርድ ወጣች። ስትመለስ ክኒኑም ውሃውም እንዳሉ ነበሩ።